ሁለት ስም፣ አንድ እጅ

በደም ባንኩ ውስጥ ኮምፒውተር መቆለፍ ነውር ነበር። ደንቡ ቆልፉ ይላል፤ ግድግዳው ላይም በትልቁ ተለጥፏል። ግን ሰው የሚውለው ከደንብ ጋር ነው ወይስ ከሰው ጋር? አጠገብሽ እንደ እህት የምታያት ባልደረባሽ ተቀምጣ ሳለ፣ ለደቂቃ ብድግ ስትይ ማሽኑን ጠርቅመሽ መሄድ ማለት "አላምንሽም" ማለት አይደል? እንዲህ ነበር የሚታሰበው። አንድ ጊዜ ለጊዜው የተመደበች ሠራተኛ በወጣች ቁጥር እየቆለፈች ስትሄድ "ምኗን ልንሰርቃት ነው?" ተባለና እስክትቀየር ድረስ ሻይዋን ብቻዋን ጠጣች።

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ በዚህ ነገር ከመጨቅጨቁ የተነሳ የገዛ ስሙ ተረስቶ "አቶ ዝጉት" ሆኖ ቀርቷል። በየክፍሉ እየዞረ "ዝጉት፣ ዝጉት" ይላል። በሻይ ሰዓት ብቅ ካለማ አለቀለት፣ ሁሉም ይረባረብበታል። ፋርማሲስቱ ስልክ ጠፍቶም ቢሆን ሰው የሚያወራውን ያዳምጣል ብሎ ይምላል፤ ማታ ከሚስቱ ጋር ስለ ፍራሽ ተጨቃጭቆ በማግስቱ የፍራሽ ማስታወቂያ ሲጎርፍለት ነው የዋለው። ጽዳት የምትሠራው ሴትዮ ደግሞ ፓስወርድ የሚያስፈልገው የሚደብቀው ነገር ላለው ሰው ነው ባይ ናት። "እኔ ቤት ሰብሮ የገባ ሌባ አዝኖልኝ የራሱን ትቶልኝ ነው የሚወጣው" ብላ ታስቃቸዋለች። አቶ ዝጉት አይስቅም። "ሌባማ በመስኮትም ይገባል" ይላል። "እኔን የሚያስፈራኝ አንዳችሁ በሌላችሁ ስም መሥራታችሁ ነው።" ይሄኔ ሳቁ ይብሳል።

የደም ባንኩ ሁለት ባለሙያዎች እጅና ጓንት ነበሩ። ታላቅየዋን ዓይናማዋ ይሏታል፤ ለዓይኗ ውበት አይደለም፣ መስታወት ላይ ያለ የደም ጠብታ ሲጓጉል ሌላው ገና መነጽሩን ሲያስተካክል እሷ አይታ ስለምትጨርስ ነው። ታናሽየዋ ሳቂታዋ ናት፤ ስሟ ሁሉን ይናገራል። ለዓመታት አንድ ጠረጴዛ ተካፍለዋል፣ አንድ ኮምፒውተር ተካፍለዋል። የአንዷ ፓስወርድ የሌላዋ ልጅ ስም ነበር። ፍቅር ነው እንግዲህ፣ ምን ይባላል።

እዚያ ክፍል ደም ሁለት ሰው ሳያየው አይወጣም። አንዷ የበሽተኛውን ደም መርምራ ዓይነቱን ትለያለች። ሌላዋ ደግሞ ከረጢቱ ከመውጣቱ በፊት ከበሽተኛውም ከከረጢቱም ጠብታ ጠብታ ወስዳ ትቀላቅልና መስማማታቸውን ታያለች። ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያየ ስም ካልገባለት የመውጫ ወረቀቱን አያትምም። ታዲያ አንዷ ምሳ ስትወጣ ያለችው ሁለቱንም ትሠራና የሌላዋን ስም ታስገባለች። ጠዋት ቀድማ የገባችው ደግሞ ማሽኑን በዘገየችው ስም ትከፍታለች፤ የሥራ ሰዓት የሚቆጠረው ከዚያ ነዋ። በማን ስም እንደተከፈተ ማን ልብ ብሎት። መቼም እስከዚያ ቀን ድረስ የተጎዳ አልነበረም።

የዚያን ቀን ዓይናማዋ ከምሳ ስትመለስ በደም ባንኩ መስኮት አጠገብ አንዲት እናት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘች። ልጃቸው በሰላም ተገላግላ ሳለ ደሙ አልቆም ብሎ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታለች። ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ባለፈ ቁጥር ብድግ እያሉ "ደሙ ሄደላት?" ይላሉ።

"ሄዶላታል እናቴ፣ አይዞዎት፣ ይቀመጡ" አለቻቸው ሳቂታዋ በመስኮቱ ብቅ ብላ።

ዓይናማዋ ጓንቷን አጥልቃ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። አንድ ቱቦ ደም ይጠብቃታል። በማግስቱ ኦፕራሲዮን የሚደረጉ የአንድ ሽማግሌ ነው። ጠዋት ተመርምሮላቸው ነበር፤ የዋርዱ ነርስ ግን ነገር የምታበዛ ሴት ናትና የጠዋቱ ደም አነስ ብሏል ብላ ሌላ ቀድታ ልካለች። ዓይናማዋ እየተነጫነጨች ጠብታውን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፣ የኤን ዓይነት የሚለየውን ፈሳሽ ጨመረች፣ ቀስ አድርጋ አዟዟረችው። ወዲያው ጓጎለ። ኤ ነው። ለመመዝገብ ወደ ኮምፒውተሩ ስትዞር የጠዋቱ ውጤት ኦ ይላል።

ሰው ሸሚዝ ይቀይራል እንጂ የደም ዓይነት አይቀይርም። አዲስ መስታወት አውጥታ ደግማ ሠራችው። አሁንም ኤ። ዓይኗን ከሽማግሌው ውጤት ወደ ታች አወረደችው። ከሳቸው ቀጥሎ የተመረመረው የወላዷ ደም ነው፤ ውጤቱ ኤ ይላል። ሁለት ቱቦዎች ጎን ለጎን ቆመው ነበር ማለት ነው። የሳቸው ውጤት ለሷ፣ የሷ ለሳቸው ተጽፎ ቢሆንስ? ዓይናማዋ ክው አለች። ሴትዮዋ ኦ ከሆነች የኤ ደም ለሷ መርዝ ነው፤ ጥቂቱ እንኳ ከገባ ሰውነቷ ከራሱ ጋር ጦርነት ይከፍታል።

"የወላዷን ደም መች ላክሽው?"

"አሁን፣ ገና አሁን" አለች ሳቂታዋ። "ተላላኪው እዚህ ቆሞ ሲያጣድፈኝ ነበር። ምነው?"

"ቀላቅለሽ አይተሻል?"

ሳቂታዋ ዓይኗን ወደ ጓንቷ መለሰች። ዓይናማዋ መልሱን ከዚያ አገኘችው።

ስክሪኑን አየች። መጀመሪያ የመረመረችው ሳቂታዋ ናት ይላል። ሁለተኛ ያረጋገጠችው ደግሞ ዓይናማዋ። ያረጋገጠችበት ሰዓት ላይ እኮ ማንኪያ ይዛ ካፌ ተቀምጣ ነበር። ሁለቱንም ይቺው ሠርታዋለች ማለት ነው፣ ያውም አበላሽታ፣ ያውም በሷ ስም። ደሟ ፈላ። ቁጣው ግን ሊቆይ ይችላል፤ ስልኩን አንስታ የኦፕራሲዮን ክፍሉን ቁጥር መታች። ተይዟል። ደግማ መታች። ተይዟል።

"ቆይ" አለች ሳቂታዋ። "መጀመሪያ የሷን ቱቦ እንየው። ደም እየፈሰሳት ነው እኮ። ደሙ የሷ ሆኖ ሳለ ብናስቆምባት በኛ እጅ ነው የምትሞተው።"

ይሄም እውነት ነበር። ክፉው ነገር ይሄው ነው፤ መቸኮሉም ይገድላል፣ መዘግየቱም ይገድላል። "ሥሪው፣ ቶሎ በይ" አለቻት ዓይናማዋ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ። ሳቂታዋ ከመደርደሪያው የወላዷን ቱቦ መዝዛ ጠብታውን በሁለት መስታወት ላይ አደረገች፣ የኤንና የቢን ፈሳሾች ጨመረች፣ አዟዟረች። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ደሙ ልሙጥ እንደሆነ ቀረ። በአንዱም አልጓጎለም። ኦ ናት።

"ምን ነካሽ አንቺ?" አለች ዓይናማዋ። ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ ሞክራ አልሆነላትም። "ሁለት ቱቦ መለየት እንዴት ያቅትሻል? ሁሉን ነገር ቀልድ አደረግሽው። ሰው ልትገድዪ እኮ ነው።"

ሳቂታዋ ከዚያ በፊት ማንም አይቶባት የማያውቀውን ፊት አሳየች። "ጠዋት እኔ አልነበርኩም" አለች በቀስታ። "የልጄ ትምህርት ቤት ጠርተውኝ አርፍጄ ነው የገባሁት። ማሽኑን በኔ ስም የከፈትሽው አንቺ ነሽ። ቱቦዎቹን የሠራሻቸውም አንቺ ነሽ።"

ዓይናማዋ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ትዝ አላት። ጠዋት ብቻዋን ነበረች። የሳቂታዋ ሰዓት እንዳይቆረጥባት ብላ በሷ ስም ከፍታ፣ በዚያው ስም እያስገባች ሠርታለች። ሁለቱ ቱቦዎች ፊት ለፊቷ ቆመው ሳለ መስኮቱ ተንኳኳ፣ ዞር ብላ አንድ ሰው አነጋገረች፣ ከዚያ ተመልሳ ቀጠለች። ከየትኛው ቱቦ ቀጠለች? እሱን ማስታወስ አልቻለችም። ያስታወሰችው ራሷን እንዳልተጠራጠረች ብቻ ነው።

"አንቺስ?" አለች። "ለምን ሳታዪው አሳለፍሽው?"

"ያንቺ ሥራ መሆኑን ስላወቅኩ ነዋ። እጅሽን ልጠራጠር? እነሱ ያጣድፉኛል፣ አንቺ ደግሞ አንቺ ነሽ። ስምሽን አስገብቼ ላክሁት።"

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ፈረሱ ራሷ ናት ብላ ግን አስባ አታውቅም። ለሦስተኛ ጊዜ ቁጥሩን ስትመታ ስልኩ መጥራት ጀመረ። ሳቂታዋ ጓንቷን ሳታወልቅ በሩን በርግዳ ወደ ደረጃው ሮጠች። እኒያ እናት ከወንበራቸው ተነስተው "ምነው? ምን ሆነች ልጄ?" እያሉ ከኋላዋ ተጣሩ።

"ኦፕራሲዮን ክፍል" አለ የማደንዘዣ ባለሙያው።

"ከደም ባንክ ነው፣ ዓይናማዋ ነኝ። ለወላዷ የላክነውን ደም አቁመው።"

"ምን ማለትሽ ነው? ተሰቅሎ መግባት ጀምሯል። ግፊቷ እየወረደብን ነው።" ከኋላው የሐኪሙ ድምፅ "ማነው? ምንድነው የሚሉት?" ይላል።

"የሷ ደም አይደለም። እሷ ኦ ናት።"

"ስክሪኑ ፊቴ ነው ያለው። ኤ ይላል፣ ሁለት ሰው አረጋግጧል ይላል። አንዷ ራስሽ ነሽ። አሁን ነው አይደለም የምትይኝ? እሺ ማንኛችሁን ልመን?"

እዚህ ላይ ዓይናማዋ ምላሷ ላይ የመጣላትን ነገር በኋላ ለማንም አልተናገረችም። "ባልደረባዬ ተሳስታ ነው" ማለት ብቻ ነው። ስክሪኑ ይመሰክርላታል። ሰውየውም ወዲያው ያምናታል። እውነቱን ብትነግረው ግን የሁለቱ ስም የአንድ ሰው እጅ መሆኑን፣ የተረጋገጠ ተብሎ ስንት ጊዜ ያልተረጋገጠ ደም እንደወጣ፣ ይሄን ሁሉ እያስረዳች ያቺ ሴት ልታልቅ ነው። 

"ሁለት ሰው አላየውም" አለች። "ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ። ሁለተኛ ያየው የለም። አሁን ደግመን አይተነዋል። አቁመው፣ ወንድሜ፣ በእናትህ አቁመው።"

በስልኩ ውስጥ የብረት ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ የሰው እግር። "አቁሜዋለሁ" አለ። "ኦ አምጡ። ፍጠኑ።"

ማቀዝቀዣው ውስጥ ከኦ ደም የቀረው ጥቂት ነበር። ዓይናማዋ ከረጢቱን አውጥታ ጠብታውን ከወላዷ ደም ጋር ቀላቀለች። ሳቂታዋ ከላይ ስትመለስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው። "በሩ ላይ ስደርስ ሲያወርዱት አየሁ" አለች። "ጥቂት ገብቷል። ገና ብዙ አልገባም።"

"ይስማማል" አለች ዓይናማዋ መስታወቱን እያስቀመጠች። "ውሰጂው፣ ሂጂ።"

ሳቂታዋ አልወሰደችውም። "ዞር በይልኝ" አለቻት። "ከየትኛው ቱቦ ነው የቀዳሽው? አሳዪኝ።" ቱቦውን አንስታ በላዩ ያለውን ጽሑፍ አነበበች። ከከረጢቱ ጋር አስተያየች። ራሷ አዲስ ጠብታ ቀድታ ራሷ ቀላቀለች። እኒያ እናት የመስኮቱን መስታወት በእጃቸው እየደበደቡ "ምን ትጠብቃላችሁ? ኧረ ስለ ፈጣሪ" ይላሉ። ዓይናማዋ ከረጢቱን ከሳቂታዋ እጅ ነጥቃ መሮጥ አምሯት ነበር። በአንድ በኩል ተናደደችባት፣ በሌላ በኩል ደግሞ እግሯ ላይ ወድቃ ማመስገን ፈለገች። ሳቂታዋ ቀና ብላ "ይስማማል" ስትል ሁለቱም አንዱን ማሽን ዘግተው ከፍተው፣ ዘግተው ከፍተው፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ስም አስገቡ።

ሴትየዋ ተረፈች። የገባው ጥቂት ደም እንኳ አልማራትም፤ ትኩሳት ጣላት፣ ኩላሊቷ አስቸገራት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሰነበተች። ግን ተረፈች፣ ልጇንም አቀፈች።

ዳይሬክተሩ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚለሰልስ ሰው ናቸው። በማግስቱ ሁለቱን ሴቶች ሲያስጠሩ ድምፃቸው ጥጥ ሆኖ ነበር። አቶ ዝጉት ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ እንደ ሁልጊዜው ማንም አልተሳለቀበትም፣ እሱም ደስ ያለው አይመስልም።

"የመጀመሪያውን ምርመራ የሠራሽው አንቺ ነሽ" አሉ ለሳቂታዋ።

"አልነበርኩም ጌታዬ።"

"ስምሽ ከማለዳው ጀምሮ ክፍት ነው።"

"እኔ ነኝ የከፈትኩት" አለች ዓይናማዋ። "ቱቦዎቹን ያምታታሁትም እኔ ነኝ።"

ዳይሬክተሩ በርኅራኄ ተመለከቷት። እሱ ነው አንጀቷን የቆረጠው። "ስሚ" አሉ፣ "ስህተቱን ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ደውለሽ ያስቆምሽው አንቺ ነሽ። ሁለተኛው ስም ሲገባ ደግሞ ካፌ እንደነበርሽ ያላየሽ የለም። በስልክም ሁሉን በራስሽ ላይ እንደወሰድሽ ነግረውኛል። አሁን ደግሞ ጓደኛሽን ልታድኚ ራስሽን ትሰጪያለሽ። ደግ ሰው ነሽ።"

"ደግነት አይደለም። እውነቱን ነው የምነግርዎት።"

ዳይሬክተሩ ወደ አቶ ዝጉት ዞሩ። "ጠዋት ማን እንደሠራ ማሽኑ ያውቃል?"

"ማሽኑ የሚያውቀው ስም ነው" አለ አቶ ዝጉት። "ማን እንደተቀመጠበት አያውቅም። እሷ የምትለው ሊሆን ይችላል።"

"ሊሆን ይችላል" አሉ ዳይሬክተሩ። "በእጄ ያለው ግን ይሄ ነው።"

"የልጇ ትምህርት ቤት ይጠየቅ" አለች ዓይናማዋ። "መምህራኑ ይመስክሩ።"

ሳቂታዋ ክንዷን ያዘቻት። "በቃ፣ ተይው" አለች። "ሳላይ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። እሱ አይካድም።" ዓይናማዋ ልትቀጥል ስትል ሳቂታዋ ራሷን ነቀነቀችባት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተዘጋ። ሳቂታዋ ከሥራ ተሰናበተች፤ ዓይናማዋ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ቆማ ተጨበጨበላት። እጇን የምታስገባበት ቦታ አጥታ ጋወኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ሳቂታዋ ዕቃዋን ስትሰበስብ ዓይናማዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "ተቀይመሽኛል?" አለቻት።

"አልተቀየምኩሽም።" ሳቂታዋ የልጇን ፎቶ ከመሳቢያው አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። "ዓይኔን አንድ ጊዜ ጣል ባደርግበት ኖሮ እዚሁ ነበርኩ። አንቺም የማንም ጭብጨባ አያስፈልግሽም ነበር።" ትከሻዋን ነካ አድርጋት ወጣች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና ከዚያ በኋላ ያልተደረገ የለም። ፓስወርዱ ሁሉ ተቀየረ። ሥልጠና ተሰጠ። ለደም ባንኩ ሁለት ኮምፒውተር ተገዛ። በሳቂታዋ ቦታ አንዲት ጨዋ ልጅ ተመደበች፤ ውሃ ልትጠጣ እንኳ ብድግ ስትል ማሽኗን ትቆልፋለች። ዓይናማዋ ይሄን ስታይ ደስ አላት፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ልቧ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ያለው ያኔ ነበር።

ልጅቷ በገባች በሦስተኛው ቀን የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰው ደም ተፈለገ። ዓይናማዋ ዓይነቱን መርምራ ውጤቱን በራሷ ስም አስገባች። ቱቦውን፣ ከረጢቱንና ንጹሕ መስታወቱን ለልጅቷ አስተላለፈች። ልጅቷ በራሷ ኮምፒውተር ላይ የራሷን ፓስወርድ በጥንቃቄ ተየበች፣ ማንም እንዳያያት በክንዷ ከልላ። ከዚያ ማረጋገጫውን ተጫነች። የመውጫ ወረቀቱ ታትሞ ወጣ።

"ሳታዪው?" አለች ዓይናማዋ።

"የእርስዎን ነው እንዴ?" አለች ልጅቷ እያፈረች። "ያደረጉትን ሁሉ ነግረውናል እኮ። እኔ ማን ሆኜ ነው የእርስዎን ሥራ የምፈትሸው?"

ዓይናማዋ ወረቀቱን አንስታ ቀደደችው። ቱቦውን መልሳ ልጅቷ ፊት አቆመችው። "እኔ ነኝ ያቺን ሴት ልገድላት የነበርኩት" አለች። "ሰማሽኝ? እኔ ነኝ። ቁጭ በይና እይው።"

ልጅቷ ትሕትና መሰላት። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ጋር በመመደቧ ደስ ብሏት ፈገግ አለች። ደንቡን ለማድረስ ያህል መስታወቱን ብድግ አድርጋ ወደ መብራቱ አሳየችና "ልክ ነው" አለች። መስታወቱ ላይ ገና ምንም አልተንጠባጠበም ነበር።